ቀኑን የሚጠይቅ ኮምፒዩተር

የመጀመሪያው ኮምፒዩተራችን ቀኑን አያውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት ስከፍተው «ዛሬ ስንት ቀን ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔ የነገርኩትን አምኖ ውሎ ያመሻል። ጎንደር አስተማሪ ሳለሁ እንኳ እንደዚያ ያመነኝ ተማሪ አልገጠመኝም።

ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1985 ነው። ቦታው አፉላ ከተማ፣ ከኢትዮጵያ የገባው ወገናችን ቋሚ ቤት እስኪያገኝ የሚቆይበት መርካዝ ክሊታ። እኔ ውበቱ ከብዙው ሰው አራት ዓመት ቀድሜ ስለገባሁ ዕብራይስጡን ለምጄዋለሁ፤ እንግሊዝኛም ትንሽ ስለምሞክር ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጡኝ። ለመዝገቡ ጸሐፊ፣ ለሰዉ አስተርጓሚ፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳው ደግሞ ደራሲ ሆንኩ። ጉድ የሠራኝ ደራሲነቱ ነው።

በዚያ ዓመት ከቤቶች ቢሮው ትእዛዝ መጣ። አፉላ ዘመድ ያለውና እዚሁ ዲራ፣ አፓርታማ ማለት ነው፣ የሚፈልግ ሰው እስከ ኖቬምበር 18 ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ወደ ደቡብ ይመደባል። ዕብራይስጡን ኃላፊያችን ጽፖራ ጻፈችው፤ አማርኛውን እኔ። «እስከ ኅዳር 18» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩና ከእሷ ወረቀት ጎን ለጠፍኩት። ኖቬምበር ኅዳር ነው፤ ይህን ማን ያጣዋል? አራት ዓመት በፈረንጅ ቀን ስቆጥር ኖሬ፣ የእኛ ኅዳር ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ እንደሚገባ ጭራሽ ረስቼው ነበር።

ኖቬምበር 27 ጠዋት አባ ምንይችል ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከተፍ አሉ። ሚስታቸውን ሱዳን ቀብረው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የቀረቻቸው አንዲት ልጅ የሺሐረግ፣ አፉላ ውስጥ ባለትዳር ናት።

«ለዲራው ልመዘገብ ነው» አሉኝ። «መጀመሪያ ላይ ግፊያ ይበዛል፣ በመጨረሻው ቀን እሄዳለሁ ብዬ ቆየሁ።»

«የመጨረሻው ቀን መቼ ነው አባ?»

«ዛሬ ኅዳር አሥራ ስምንት አይደል እንዴ? አንተው አይደለህ የጻፍኸው!»

ስህተቴ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስማቸውን ባስገባ ኮምፒዩተሩ «የመመዝገቢያው ቀን አልፏል» አለኝ። ጽፖራ ገና አልገባችም። አጠፋሁና እንደገና አስነሳሁት። «ዛሬ ስንት ቀን ነው?» ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «18» አልኩት። የዋህ ነው፣ ተቀበለኝ። አባ ምንይችልን መዘገብኳቸው፤ መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ቀኑን ወደ 27 መልሼ ላቤን ጠረግሁ።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ስንቅነሽ መጣች። ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ናት። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ ልጆቿን የምትይዝላት ቀድማ አፉላ ቤት ያገኘችው እህቷ ናት። ደቡብ ከተላከች እህትም የለ፣ ሥራም የለ። እሷም እንደ አባ ምንይችል «ዛሬ አይደል የመጨረሻው?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ግን ጽፖራ ከጎኔ ተቀምጣለች። ያንኑ ነገር መድገም ፈራሁ።

«ቀኑ አልፏል እኮ፣ እቴ» አልኳት፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያወቅሁ። ተመልሳ ወጣች። ማታ ሰው ሳያየኝ ማስታወቂያዬን ከሰሌዳው ገንጥዬ ኪሴ ከተትኩት። ጀግንነቴ ይህን ያህል ነበር።

ከሳምንት በኋላ ዳዊት የሚባል ቴክኒሻን ካርቶን ታቅፎ ከሃይፋ በአውቶቡስ መጣ። ለኮምፒዩተሩ ትልቅ ዲስክ አምጥቷል፤ ማሽኑን የሚያስነሳውና የሚያዘው ፕሮግራም፣ ዛሬ ስርዓተ ክወና የሚሉት፣ እሱም አዲስ ነው። እስከዚያ ድረስ የአንድ ቤተሰብ ወረቀት ለማውጣት አሥራ አንድ ዲስኬት እቀያይር ነበር፤ ሰዉም በር ላይ እየቆመ ይጠብቀኛል። በአዲሱ ሁሉም አንድ ቦታ ይገባል።

«ሰዓትም አለው» አለኝ ዳዊት ሊያስደስተኝ። «ቀኑን ራሱ ያውቃል፤ ከእንግዲህ አይጠይቅህም።»

«የድሮው መዝገብስ?»

«እንዳለ ይገለበጣል። በተራ ቁጥሩ ይታተምና ጽፖራ አንድ በአንድ ታመሳክረዋለች።»

በተራ ቁጥሩ! መዝገቡ የሁሉም ጉዳይ ነውና ከአባ ምንይችል በላይ ያለው በ26 ተጽፏል፣ ከሥራቸው ያለው በ27፤ እሳቸው መሐል ላይ 18 ይዘው ቆመዋል። ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልግም።

ጽፖራ በልጅነቷ ከሃንጋሪ የመጣች፣ ስድሳ የሚጠጋት ሴት ናት። ዕብራይስጥ አንቱታ ስለሌለው ነው አንቺ የምላት እንጂ በጣም እፈራት ነበር። «ከማሽኑ ጋር የምትውለው አንተ ነህ፤ አንተው ወስን» አለችኝ። «ካልፈለግኸው ዕቃው ለሌላ ከተማ ይሰጣል። ዳዊት ከምሳ በኋላ ይመለሳል።»

«የድሮው ይሻላል» አልኩ አፌ ላይ እንደመጣ። «ለምደነዋል። አዲስ ነገር ቶሎ ይበላሻል።»

ዳዊት ሳቀ። ጽፖራ አልሳቀችም። «እስከ ምሳ አስብበት» ብላኝ ወጣች።

አየር ልቀበል ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ይዘንባል፤ እዚህ አገር ክረምቱ በዲሴምበር ነው። ሰዉ ጣሪያው ሥር ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል፤ የሚጠብቀው የእኔን ዲስኬት ነው። ስንቅነሽ ትንሹን ልጇን አዝላ ከመጨረሻ ቆማለች፣ የክትባት ወረቀት ልታወጣ። ስታየኝ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብላ «እንደምን አረፈድህ፣ ወንድሜ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የእኔ ጉድ እንዲሸፈን ይህ ሁሉ ሰው ክረምቱን እዚህ ይቁም፣ እሷም ደቡብ ትሂድ ማለቴ ነው? በራሴ አፈርኩ፤ ተናደድኩም። በዚያው ንዴት ጽፖራ ቢሮ ገባሁ።

ማስታወቂያውን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁና ሁሉንም ነገርኳት፦ ስለ ኅዳር፣ ስለ አባ ምንይችል፣ ስለ 18። ከሥራ እንደምባረር አልተጠራጠርኩም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ ስለ ኮምፒዩተሩ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

«ይህን ያነበበው ስንት ሰው ነው?» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ለአንድ ሽማግሌ አልጻፍኸውም፤ ለሁሉም ነው። ስንቱን መለስህ?»

እውነቴን ነው፣ ይህን ቁጭ ብዬ አላሰብኩትም። ጭንቀቴ ሁሉ ስለ ራሴ ነበር። «ስንቅነሽን» አልኩ።

ተነሳችና ጃንጥላዋን ያዘች። አብረን በየክፍሉ ዞርን። ከስንቅነሽ ሌላ ሁለት ቤተሰብ ተገኘ፤ እሷ መመለሷን ሰምተው፣ በከንቱ አንሰለፍ ብለው የቀሩ ናቸው። ጽፖራ እዚያው ለቤቶች ቢሮው ደብዳቤ ጻፈች። «ስህተቱ የእኛ ቢሮ ነው። አራቱ ቤተሰቦች በተነገራቸው ቀን ለመመዝገብ ተዘጋጅተው ነበር። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።» የእኔ ስም የትም የለበትም። ፈርማ ስታበቃ ቀና ብላ አየችኝ።

«ከእንግዲህ ኮምፒዩተር እንዳታታልል። ሲጨንቅህ እኔን ጠይቀኝ። አዲሱስ ይግባ ወይስ ይቅር?»

«ይግባ» አልኩ።

የአባ ምንይችልን ቀን በእጄ ወደ 27 አረምኩት። ዳዊት አውቶቡሱ አመለጠውና ሲገለብጥ አመሸ፤ እኔም ከጎኑ ሆኜ ዲስኬት አቀብለው ነበር። ያን ቀን ፈጣሪን ያመሰገንኩት እንጀራዬ ስላልተቋረጠ ብቻ አይደለም። ቋንቋዬን ከማትሰማ ሴት እንዲህ ያለ ደግነት አገኛለሁ ብዬ ስላልጠበቅሁ ነው። ዛሬም ጽፖራን ሳነሳ ልቤ ይሞላል።

ዲሴምበር ሊያልቅ ሲል የምደባው ዝርዝር መጣ። አራቱም ቤተሰቦች አፉላ! አባ ምንይችል ከልጃቸው ሕንፃ አጠገብ ደረሳቸው፤ ቀን አክባሪ በመሆናቸው ያገኙት ይመስላቸው ነበርና ዕድሜ ልካቸውን ኮሩበት። እውነትም ቀኑን ያከበሩት እሳቸው ናቸው።

ስንቅነሽ ቁልፏን ተቀብላ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ሁለት እጇን ዘርግታ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፤ አንተ ባትለፋልኝ ኖሮ...» ስትል አላስጨረስኳትም።

«ተይ እቴ፣ እኔን አታመስግኚኝ። ማስታወቂያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅሁ ነው የመለስኩሽ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«የዚያኑ ዕለት ነው ያወቅሁት። ኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ፣ የሚማረው ወንድሜ አዳሙ ደጅ ይጠብቀኝ ነበር። ከሰሌዳው ላይ ሁለቱንም ወረቀት አነበበልኝ። የእነሱ ወር ከእኛ ኅዳር እንደሚቀድምም እሱ ነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ለጽፖራ አልነገርሻትም?»

መሬት መሬቱን እያየች ነጠላዋን አጣጠፈች። ዕቃዋን ቋጥራ፣ ልጆቿን ስለ ደቡብ ስታስለምድ መክረሟን ኋላ ከእህቷ ነው የሰማሁት።

«ብነግራት ያስወጡሃል ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። «እኔ አንዲት ሰው ነኝ። ደጅ የሚቆመው ሰው ሁሉ ግን የሚናገረው በአንተ አንደበት ነው። አንተ ብትሄድ ማን ነበር የሚያናግርልን?»

ላመሰግናት አፌን ስከፍት ለቅሶው ቀደመኝ። እሷም «ምነው አንተ፣ ሰው ያየናል እኮ!» እያለች ታባብለኝ ጀመር።