ሩብ ሠራተኛዋ ፊቢ

«…ሁለት ጎረምሳ የማይጨርሰውን የሩዝ ማሳ ከቁርስ በፊት ኮትኩታ ትጨርስና፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን አዞ በጥፊ ብላ ትመለሳለች» እያለ ሌቪ ስለ አያቱ አያት ስለ ፊቢ ለተሰበሰበው ዘመድ ሲተርክ፣ የእህቱ ልጅ ሞዜል እጅጌውን ጎተተችው።

«ጋሼ፣ እስቲ ና ወዲህ።»

ጀልባው ወደታሰረበት ወሰደችው። ከሰዓት በኋላ በአሮጌው ማሳ ላይ የፊቢ መታሰቢያ ሰሌዳ ይቆማል። ሰሌዳውን የሚጽፈው ሩፈስ ቀለሙን በጥብጦ የሚጻፈውን እየጠበቀ ነው። ሞዜል ደግሞ አስተማሪ ናትና ሳታጣራ አታጽፍም፤ ፊቢ ባሪያ ሳለች ጌቶቿ ማን ምን እንደሠራ በየቀኑ ያሰፈሩበትን መዝገብ ቅጂ ከከተማ ይዛ መጥታለች።

«ምን ይላል?» አለ ሌቪ።

«‹ፊቢ፤ ቀኝ እግሯ አንካሳ። የምትሠራው የአንድ ሰው ሩብ።›»

ሌቪ ክው አለ። በዚህች ደሴት ዕድሜውን ሙሉ ደረቱን የነፋው በፊቢ ጉልበት ነው።

«አንድ ቀን አሟት ይሆናላ።»

«ዘጠኝ ዓመት ነው፣ ጋሼ። አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ሥራ አልሠራችም።»

«ታዲያ ማን አንብቢ አለሽ? ደህና የተቀበረ ሰው ትቆፍሪያለሽ?»

«ቆይ፣ የመጨረሻውን ስማ። ‹ፊቢ ጠፋች። ሁለት ልጆቿን ወስዳለች፤ ትንሹን አዝላ። ውሾቹ በረግረጉ ውስጥ ሃያ ማይል ተከትለዋት፣ ዱካዋ ጠፍቷቸው ተመለሱ።›»

ሌቪ ወረቀቱን ነጥቆ ራሱ አነበበው፤ ደገመው። ከዚያ የጀልባውን ምሰሶ ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ዘጠኝ ዓመት! እኔ ወገቤን አሞኛል ብዬ የተኛሁ ዕለት ሚስቴ ወዲያው ነው የነቃችብኝ።»

«ሰው ፊት እያስመሰለች ባታነክስ ኖሮ አንተም አትወለድም ነበር» አለች ሞዜል። እሷም ዓይኗ ረጥቧል።

ሌቪ ወረቀቱን ይዞ ሩፈስ ዘንድ ሄደና ሁለቱንም ቦታ በጣቱ አሳየው፤ ልክ እንዳሉ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እንዲጻፉ።

ሩፈስ አንብቦ ብሩሹን አስቀመጠ። «ሌቪ፣ ‹አንካሳ› የሚለውን እንኳ ብንተወው ምናለበት? የናንተ ቤት ሰው ኩሩ ነው።»

«እሱን እንዳትተው» አለ ሌቪ። «እሱን በትልቁ ጻፈው።»