የአፋልጉኙ ሰውዬ

ራስ መኮንን ድልድይ ላይ አንዲት ሴትዮ ክንዴን አፈፍ አድርጋ ያዘችኝ። ካልሲ ሻጭ ናት። ዕቃዋን መሬት ላይ ጥላ ነው የመጣችው።

«አባት፣ አይፍሩ» አለችኝ፤ «ቤተሰብዎ እየፈለገዎት ነው።»

«ማንም አይፈልገኝም። ቁርሴን አብልተው ነው የሸኙኝ» አልኳት።

«እሺ፣ እሺ» አለች፣ ለሚያለቅስ ሕፃን እንደሚባለው። በሌላው እጇ ስልኳን ይዛ አንዴ ስልኩን አንዴ ፊቴን ታያለች። ሰው ከበበን። አንዱ ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ። ሌላው «ምስኪን፣ ልብሳቸውማ ንጹሕ ነው» አለ፣ እኔ እንዳልሰማ ሁሉ። ከዚያ ድልድይ ሽቅብ ተወልጄ ያደግኩ፣ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ በገዛ ሰፈሬ እንደ ጠፋ በግ ተያዝኩ። ደግነታቸው ነው እንጂ ክፋት የለበትም፤ እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ደግነታቸው ነው፣ ሰው ደግ ሲሆንብህ መሳደብ አትችልም። ሴትዮዋ ልጄ ጋ ደውላ «አግኝተናቸዋል» እስክትል ድረስ ክንዴን አልለቀቀችም። እንዲህ ስያዝ ደግሞ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ነገሩ የመጣው ዓምና ነው። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የነበረው ቤታችን ፈርሶ ከልጄ ከሜላት ጋር አራብሳ ኮንዶሚኒየም ገባን። አንድ ቀን ለማንም ሳልናገር ታክሲ ይዤ ፒያሳ መጣሁ፣ ቤቴ የነበረበትን ልይ ብዬ። ቦታውን ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። ዛፉም የለ፣ ቧንቧውም የለ፣ ታጥፈህ የምትገባበት ቅያስም የለ። ተናድጄ ጊዮርጊስ ግቢ ገብቼ ተቀመጥኩ። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል። ሲመሽ በገዛ እግሬ ቤት ብገባ፣ ሜላት ዓይኗ አብጦ በር ላይ ቆማለች። እኔ ጊዮርጊስ ሳለሁ እሷ ኢንተርኔት ላይ ለጥፋኛለች።

«አፋልጉኝ» ይላል። «አባቴ አቶ እምሩ ጠዋት ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም፣ ጠፍተዋል። የአእምሮ ሕመም አለባቸው። ያያችሁ በዚህ ስልክ ደውሉልኝ።» ፎቶው ከሰርግ ፎቶ ላይ የተቆረጠ ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ ግድግዳ የተጎራበትናት የተናኘወርቅ እጅ ትከሻዬ ላይ ቀርቷል፤ እሷ ተቆርጣ እጇ ብቻ።

ሜላት የራሷን የዚያኑ ማታ አጥፍታዋለች። ምን ዋጋ አለው፣ ዓለሙ ሁሉ ገልብጦታል። በየጊዜው አንድ ደግ ሰው ያነሳውና አዲስ አድርጎ ያጋራዋል፤ እኔም እንደገና እጠፋለሁ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፒያሳን ሱቆች ሰሌዳ በቀለም ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የማስከፍለው በፊደል ነበር። ስለዚህ ትርፍ ቃል አልወድም፤ «የአእምሮ ሕመም አለባቸው» የሚለው ለእኔ ትርፍ ነው። ግን እውነቱን ልናገርና፣ አልፎ አልፎ የሰው ስም ይሰወርብኛል። አንዳንዴ ጋዙን ለኩሼ እረሳዋለሁ። ሌሊት ስነቃ፣ ያ ቃል ትርፍ ባይሆንስ እያልኩ እፈራለሁ። ይህን ለሜላት ነግሬያት አላውቅም።

የካልሲ ሻጯ ቀን ሜላት ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«አባዬ፣ አለቃዬ ‹ዛሬም አባትሽ ጠፉ?› ይለኝ ጀምሯል። ስልኩ በጠራ ቁጥር ልቤ ይወድቃል፤ አንድ ቀን እውነት ቢሆንስ? ወይ ይሄ ነገር ከኢንተርኔት ይጥፋ፣ ወይ ፒያሳ ብቻህን መሄድ ይቅር።»

ፒያሳ ይቅር ማለት ለእኔ ተቀምጠህ ሙት ማለት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ የሰው ልብስ ሲሰጣ እያየሁ ልዋል ነው? እሺ አልኳት፤ የሚያጠፋ እንፈልግ።

መጀመሪያ ያገኘችው የውጭ ኩባንያ ነበር። ስምህን ከያለበት ለቅሞ ያስወግዳል አሉ፣ በዶላር፣ ያውም በየዓመቱ። «ዓመቱ ሲሞላ ካልከፈልኩ መልሰው ይለጥፉኛል?» ብላት ሳቋ አመለጣት። ለማንኛውም ዝቅተኛውን ዋጋ እንይ ብላ ገባችበት። የምትኖርበትን ግዛት ምረጥ ይላል፤ ሁሉም የአሜሪካ ነው፣ ከአላባማ ይጀምራል። ወደ ታች ብንወርድ ብንወርድ አራዳን አጣናት። ስለ ዶሮ ማነቂያ ምን የሚያውቅ ሰው መጥቶ ነው ከዶሮ ማነቂያ ሰው ስልክ ላይ የሚያጠፋኝ?

ሁለተኛውን ያገኘሁት እኔው ራሴ ነኝ፣ በቴሌግራም። «ማንኛውንም ፖስት በአንድ ቀን እናጠፋለን» ይላል። ርካሽ ነው፤ ከሜላት በፊት በማግኘቴ ኮራሁ። ግማሹን ቅድሚያ ላክ አለኝ፣ እሺ። ቀጥሎ የመታወቂያህን የፊትና የጀርባ ፎቶ ላክ አለኝ። አንስቼ ልልክለት ጣቴ ስልኩን ሊነካ ሲል ነው የነቃሁት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ፎቶዬን ለማጥፋት ሌላ ፎቶ የሚሰበስብ ሰው ምን ዓይነት አጥፊ ነው? አራዳ ነኝ እያልኩ ኖሬ በመጨረሻው ዕድሜዬ ፋራ ከመሆን ለጥቂት ተረፍኩ። ይህንንም ለሜላት አልነገርኳትም።

ከዲጃ የምትባል ልጅ ዘንድ የገባሁት የስልኬን ባትሪ ላስቀይር ነው። ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ስልክ የምትጠግንበት ጠባብ ሱቅ አላት፤ ዕድሜዋ ከሜላት አይርቅም። ቀና ብላ አየችኝና መፍቻዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎ የአፋልጉኙ ሰውዬ አይደሉም እንዴ?»

«እንዳትደውዪ!» አልኳት።

ሳቀች። ወንበር ሰጠችኝ፣ እኔም የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አላባማ ላይ ስደርስ ከት ብላ ሳቀች፤ መታወቂያው ላይ ስደርስ ግን «አላህ ነው ያወጣዎት» አለች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በማሽን የሚጠፋ አይደለም። የለጠፈው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ የሚለመን ነው። የየገጹን ባለቤት እየፈለግኩ ልጻፍላቸው። ለጠፋው ይከፍሉኛል፣ ላልጠፋው አይከፍሉኝም።»

«ስንት ነው?»

«ለአንዱ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ።»

በፊደል ሳስከፍል የኖርኩ ሰው ይህ ዓይነቱ ሒሳብ ይገባኛል። እሷን መረጥኩ።

በሳምንቱ ስመለስ አብዛኞቹን አጥፍታቸዋለች። ሰው ሲለመን እሺ ባይ ነው ለካ፤ አንዳንዶቹ ይቅርታም ጽፈውላታል። የቀረው አንድ ትልቅ ገጽ ነው፣ ያ ሁሉ ሰው የገለበጠው ከእሱ ላይ ነበር።

«የዚህም ባለቤት እሺ ብሏል» አለች። «አጥፋው ልበለው?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ? በይው እንጂ።»

ጣቷን አንስታ ተወችው። «ከሥሩ ያለውን ግን አይተውታል?»

«የምን ሥር?»

እኔ ፎቶዬንና ያችን ቃል አይቼ ስናደድ ነው የኖርኩት። ከፎቶው በታች ሰው እንደሚጽፍ ልብ ብዬ አላውቅም። መነጽሬ ስላልነበረ ከዲጃ ታነብልኝ ጀመር።

«‹የሱቃችንን ሰሌዳ የጻፉልን ሰውዬ ናቸው። ሱቁ ሲፈርስ አባቴ ከሁሉ አስቀድሞ ያወጣው ሰሌዳውን ነው፤ አሁን ጀሞ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል› ይላል። ሌላው፣ ‹እኚህ ሰውዬ ኳሳችንን በቢላ የቀደዱብን ናቸው፤ ቢሆንም እግዜር ያስገኛቸው።›»

«ቀለሜን ደፍተውብኝ እኮ ነው!» አልኩ።

ከዲጃ እየሳቀች ወደ ታች ማንበቧን ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ የእኔ ነገር ቀረ፣ እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። «አንተ ኢዩኤል፣ የት ደረስክ?» «እኔ ገላን ነኝ፣ እናንተስ?» «ቧንቧ ጠባቂው አጽብሐ አረፈ አሉ፣ እውነት ነው?» «እውነት ነው፣ ለቅሶው ላይ አምስት ሰው ነበርን።» እኔን ሊፈልጉ የመጡት ሁሉ አንዱ ሌላውን እያፋለገ ነው። ዶሮ ማነቂያ በሙሉ፣ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ እንደነበረው፣ ከእኔ ፎቶ ሥር ተሰብስቧል።

«‹ተናኘወርቅ ነኝ› ትላለች አንዷ» አለች ከዲጃ። «‹በልጄ ስልክ ነው የምጽፈው። ስልኬ ተሰርቆ የማንም ቁጥር የለኝም፤ ከላይ ያለውን ብደውል ተይዟል ይለኛል። እምሩን ያገኘ ለእኔም ይንገረኝ።›»

አለቀስኩ። በሰው ሱቅ፣ በጠራራ ፀሐይ አለቀስኩ። ከዲጃ ሶፍት አቀበለችኝ።

«ቢያጠፋው ይሄም አብሮ ይጠፋል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሁሉም ይጠፋል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አይንካው። ጽሑፉን ብቻ መለወጥ ይችላል?»

«ባለቤቱ ይችላል።»

ሜላት ጋ ደወልኩ። ስልኩን ስታነሳ «ማን አገኘህ?» አለችኝ። እኔው ራሴ ነኝ፣ ደህና ነኝ ብዬ የተነበበልኝን ነገርኳት። 

«አባዬ፣ ያንን ‹የአእምሮ ሕመም› የሚል ቃል የጻፍኩት ሰው ቶሎ እንዲያጋራው ብዬ ነው። ደግሞም ፈርቼ ነበር።»

«እኔም እፈራለሁ» አልኳት። ሳላስበው ወጣኝ። «ሜላቴ፣ የምረሳው ነገር አለ። ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ፒያሳን ግን አትከልክዪኝ።»

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። «አልከለክልህም። ስልክህን ግን ቻርጅ አድርግ።»

ከዚያ ቃሉን ለከዲጃ ነገርኳት፣ ልክ እንደ ድሮዬ በፊደል ቆጥቤ። «አቶ እምሩ ተገኝተዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ማዶ ያለው ኬክ ቤት ይገኛሉ።» ከታች የልጄን ቁጥር አውጥተን የእኔን አስገባን። ከዲጃ ለገጹ ባለቤት ጽፋ ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

«ጋሼ፣ አጥፊልኝ ብለው መጥተው አድራሻዎን ጨምረው ይሄዳሉ?»

«የዚህንም ሒሳብ ጨምሪው» አልኳት። እምቢ አለች፤ አልጠፋማ።

ቅዳሜ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ባንኮኒው አጠገብ ካለው፣ በሩን ከማያሳየው ወንበር በቀር ባዶ ስላልነበረ እዚያው ተቀመጥኩ። ማኪያቶ አዘዝኩ፣ ጠጣሁ። ሌላ አዘዝኩ። ጥንዶች ቀለበት ገዝተው እየገቡ ኬክ ይበላሉ፤ የሚያውቀኝ የለም፣ ክንዴን የሚይዝም የለም። የፈለግኩት ይህንን አልነበር? ሁለተኛው ማኪያቶ ቀዘቀዘ። ሞኝ ሽማግሌ ነህ፣ ሰው ስልኩ ላይ ስለጻፈ ከጀሞና ከገላን ታክሲ ተሳፍሮ ይመጣል ብለህ ነው? አልኩ ለራሴ። ኮሌታዬን አስተካክዬ ልነሳ ስል፣ ከኋላዬ አንድ እጅ ክንዴን አፈፍ አድርጎ ያዘኝ።

ደሜ ፈላ። አልጠፋሁም ልል አፌን ከፍቼ ዞርኩ።

ተናኘወርቅ ናት። ከስታለች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ ክንዴን አልለቀቀችም።

«እምሩ!» አለችኝ። «አንተ፣ ምነው ጠፋህ?»

«አለሁ» አልኳት። «አለሁ፣ ተናኘ።»