ያለ ቁልፍ የሚከፈተው በር

በሩ ዛሬም ራሱን ከፈተ። ፕሮግራመሩ ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደያዘ ሰው ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። በሚሠራው የኮምፒውተር ጌም ውስጥ ያ በር፣ ተጫዋቹ ዘጠኙን ክፍል በርብሮ ቁልፉን እስኪያገኝ ድረስ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ነገ ደግሞ ጌሙን ሊገዛ ያሰበው ሰውዬ መጥቶ ያየዋል። በሩ በሰውየው ፊት እንዲህ ወለል ካለ የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ልፋቱ የሁለት ሰው ነው። እሱ ኮዱን ይጽፋል፣ አብሮ አደጉ ሠዓሊው ሥዕሉን ይሠራል፤ ባንድ ጠባብ ክፍል፣ ባንድ ኮምፒውተር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ የበሩን ፋይል መስመር በመስመር አበጠረ፤ ንጹሕ ነው። የቁልፉንም አበጠረ፤ ንጹሕ። ቀስ በቀስ ጥርጣሬው ከኮዱ ወጥቶ ሠዓሊው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እንዴት ነው እሱ ሲጫወት በሩ አንድም ቀን የማይከፈተው? ደግሞ ሰሞኑን ስልክ ሲደወልለት ኮሪደር እየወጣ ማንሾካሾኩ ምንድነው?

ሠዓሊው ከመድረሱ በፊት የኮዱን ፎልደር የይለፍ ቃል ቀየረው።

«አንተ፣ ዛሬም እዚችው በር ላይ ተገትረሃል?» አለ ሠዓሊው ሲገባ። «ዘበኛ ብትቀጠር ይሻልህ ነበር እኮ!»

«እስቲ አንተ ሞክራት» አለው፣ እጅ እጁን እያየ።

ሠዓሊው እንደ ልማዱ እግሩ መሬት የማይነካ እስኪመስል ተጫዋቹን ሲያስሮጠው ቆይቶ በሩን ገፋው። ዝግ ነው።

«ይኸው፣ ለኔ ጨዋ ናት።»

የሠዓሊው ስልክ ጮኸ። ወደ ግድግዳው ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አቤት እማዬ... ኧረ ለማንም አልነገርኩም... የምርመራው ውጤት ማክሰኞ ነው አሉኝ፣ አይዞሽ።»

ኪቦርዱን የነካ የለም። ተጫዋቹ በሩ ፊት ቆሟል። በሩ ተከፈተ።

ያኔ ለፕሮግራመሩ ትዝ አለው። በመጀመሪያው ወር፣ ለሙከራ ዘጠኝ ክፍል መዞር ሲታክተው፣ በተጫዋቹ አረማመድ ፋይል ውስጥ አንዲት መስመር ጨምሮ ነበር፦ በሩ ፊት አሥር ሰከንድ ከቆመ ይከፈትለት። በኋላ አጠፋታለሁ ብሎ ረሳት። ሠዓሊው መቆም አያውቅም፤ እሱ ራሱ ደግሞ እዚያ ሲደርስ ሁሌ በሐሳብ ጭልጥ ይላል።

ሲነግረው ሠዓሊው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወንድሜን! አምጣ፣ በገዛ እጄ ልገላግልህ።» የይለፍ ቃሉን መታ። ደግሞ መታ። «እምቢ አለኝ።»

«ቀይሬው ነው።»

«ለምን?»

ለጥንቃቄ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። «ጠርጥሬህ» አለ።

ሳቁ ከሠዓሊው ፊት ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ዝም ብሎ ቆመ። ፕሮግራመሩ ሳይታወቀው በልቡ ይቆጥር ጀመር፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። አሥርም አለፈ።

በመጨረሻ ሠዓሊው ወንበሩን ስቦ ጠጋ አለ።

«በል መስመሯን አጥፋት» አለው፣ ዓይኑን ከፕሮግራመሩ ጣቶች ላይ ሳያነሳ። «እኔ እያየሁህ።»