የኢላማው መነጽር

መሐል ሜዳ ከተማ ላይ እኔ ደመላሽ ኢላማ ያላስተኮስኩት ጎረምሳ ካለ፣ ወይ ፈሪ ነው ወይ ኪሱ ባዶ ነው። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለቅዳሜ ገበያ ሰሌዳዬን ግንብ አስደግፌ የአየር ጠመንጃዬን እዘረጋለሁ፤ ከረሜላ የመታ ከረሜላውን፣ ብስኩት የመታ ብስኩቱን ይወስዳል። የሳተ ይሰደባል። እውነቱን ልናገርና ሰው የሚሰበሰብልኝም ለስድቡ ነበር።

ጠመንጃው ተራ ነው፤ ሽምብራ የማታህል እርሳስ የሚተፋ፣ ቆቅ እንኳ በቅጡ የማይገድል። ጉዱ ያለው ጀርባው ላይ ከተቀመጠው መነጽር ላይ ነው። ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ ቀጭን የብረት ቱቦ፣ በደርግ ጊዜ መንገድ ሊቀይስ መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ሲሄድ ከነጠመንጃው የተወልኝ። ሲያዩበት ሩቁ ይቀርባል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ ሁለት መስመሮች ተላልፈው ይታያሉ፣ ማነጣጠሪያ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ላይ ያረፈች ርግብ አየሁበትና የዓይኗን ቀይ ክብ ለየሁት። ጠመንጃውን መሬት አስቀምጬ አማተብኩ። እግዜር በየቀኑ የሚያየውን እኔ አንድ ጊዜ አየሁት ብዬ ሰውነቴን ወረረኝ። ይኸው ሸብቼም ያንን ቀን ሳስታውስ ይወርረኛል።

አሁን ማን ኢላማ ይተኩሳል! ልጁ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይጎረጉራል። ጠመንጃው ሞላው ተሰብሮ እቃ ቤት ተጣለ፤ መነጽሩን ግን ፈትቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ትራሴ ሥር አኖርኩት። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ቤተል ፎቶ አንስታ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። ሳምንት ሳይሞላ አንድ አትናቴዎስ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ ደወለ።

«ጋሼ ደመላሽ፣ ተከፍቶ ያውቃል?» አለኝ፣ ገና ጤና ይስጥልኝ ሳይል።

«ምን ቆርጦኝ እከፍተዋለሁ?»

«ውስጡ ያሉት መስመሮችስ አሉ?»

«እንደተወለዱ ናቸው።»

«በማርያም፣ ለማንም እንዳይሰጡብኝ!» አለኝ። አሮጌ የጠመንጃ መነጽር የሚሰበስብ ሰው ነው ለካ፤ ያልተነካ ከተገኘ የሚሳሳለት። የጠራልኝ ዋጋ አንድ የሚያርስ በሬ ይገዛል። እኔ ደግሞ አንዱ በሬዬ ሞቶ አንዱን ብቻ ይዤ የሰው በሬ በመለመን ላይ ነበርኩ። እሰይ አልኩ፣ ለምን ይዋሻል።

ይህን ወሬ ጎረቤቴ እትዬ ይዘንጋሽ ሰሙ። እትዬ ይዘንጋሽ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ይሥሐቅ የሚባል። ገና ጢም ሳያወጣ ገደል ማዶ ካለው ገዳም ገባና መነኮሰ። ገዳሙን ሴት አትረግጠውም። ሲመነኩስም እንደ ደንቡ በቁሙ ፍትሐት ተፈትቶለት፣ ለዓለም ሙት ነው ተባለ፤ ስሙም ተቀየረ፣ አዲሱን ስም ለእናቱ የነገራቸው የለም። ከዚያ ወዲህ በዓይናቸው አላዩትም። አሁን ደግሞ ጉልበታቸው እየከዳቸው ስለሆነ ሴት ልጃቸው ደብረ ብርሃን ልትወስዳቸው ነው።

አጥሩ ላይ ቆመው ጠሩኝ። «አንተ ደመላሽ፣ ያ ሩቅ የሚያቀርበው ዕቃህ ሊሸጥ ነው አሉ?»

«አዎ እትዬ፣ በሬ ልገዛበት ነው።»

«ይሁን፣ ግዛ። ብቻ ልጄን አንድ ጊዜ አሳየኝና ሽጠው።»

«እሺ» አልኳቸው። እኔ! ምላሴ ለጳጳስ የማይመለስ!

አትናቴዎስ መጣ። መነጽሩን በመዳፉ ሲይዝ ጨቅላ ያቀፈ አባት ነበር የሚመስለው። «መጀመሪያ አንድ ጉዳይ አለን፣ ከዚያ ያንተ ነው» አልኩና ነገሩን አጫወትኩት። አላቅማማም፤ እንዲያውም እትዬን ከፊት ወንበር አስቀምጦ በመኪናው የቀየትን መንገድ ይዞ ወሰደን፣ መንገዱ ሲያልቅም ክንዳቸውን ይዞ እስከ ገደሉ አፋፍ አደረሳቸው።

ወገኖቼ፣ ያንን ገደል ያየ ያውቀዋል። አፉ ጠባብ ነው፣ ጥልቀቱ ግን አያድርስ ነው። ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ክዳን፣ የመነኮሳቱ ጎጆዎች፣ ከመቅደሱ ወደ ማዕድ ቤቱ የምትወስድ አንዲት ቀጭን መንገድ ትታያለች። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይወጣም። አትናቴዎስ በስልኩ ካሜራ ሞክሮ ነበር፤ አቀርባለሁ ሲል ሁሉም የተለቀለቀ ጭቃ ሆነበት።

«ዓይንዎን አይለጥፉበት፣ አራት ጣት ያርቁት» አልኩና አስተካክዬ ሰጠኋቸው። በሆዳቸው መሬት ላይ ተኝተው፣ ክርናቸውን ድንጋይ ላይ ተክለው አዩ።

«ወይ ጉድ!» አሉ። «ወይ የፈጣሪ ሥራ! የበሩን ሰንሰለት እያየሁ ነው እኮ! ድመት ተኝታለች፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ድመት!» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የሰው ልጅ አንድ ስንዝር ብረት ይዞ ገደል ሲሻገር እንዴት አይገርም?

ደወል ሊደውል አንድ መነኩሴ ብቅ አለ። እትዬ መነጽሩን እንደ ትኩስ ፍም ከዓይናቸው ወረወሩት፣ አትናቴዎስ ባይቀልበው ኖሮ ገደል ገብቶ ነበር።

«ግንባሩ ላይ ያረፈው መስመር ምንድነው?»

«ማነጣጠሪያው ነው እትዬ፣ ለኢላማ።»

«እንዴ! መነኩሴ ላይ ላነጣጥር? ልጄ ላይ? ልጄን በጠመንጃ ዓይን ልየው?»

«ጠመንጃ የታለና! ባዶ ብረት ነው እኮ!»

«ወግድ! አላይም።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ዘወር ብለው ተቀመጡ። ጉሙ ደግሞ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ወደ ላይ እየመጣ ነው። ቅዳሴው ሊወጣ ትንሽ ቀርቶታል። ከእንግዲህ ደብረ ብርሃን ከሄዱ ማን ተመልሶ ያመጣቸዋል?

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በእሳቸው፣ በጉሙ፣ በፈረንጁ። መነጽሩን ከአትናቴዎስ እጅ መነጨቅሁና በዓይን በኩል ያለውን ጫፍ ማዞር ጀመርኩ።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ልከፍተው።»

«ኧረ በማርያም! ከተከፈተ፣ መስመሩ ከተነካ ዋጋ የለውም!»

«ለማን?» አልኩት።

ወደ እትዬ ዞርኩ። «እትዬ፣ መርፌ ይዘዋል?» ስላቸው ከቀሚሳቸው አንገት ላይ የሰኩትን ነቅለው፣ ሳያዩኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ሰጡኝ። መስተዋቱን አወጣሁ። ሁለቱ መስመሮች ውስጡ ተወጥረው ያበራሉ፣ ውበታቸው! በእነሱ ውስጥ ያላለፈ ማን አለ? ሊያገባ ዋዜማው ላይ የሚፎክር፣ ውትድርና ሊሄድ እናቱን የተሰናበተ፣ ሚስቱ ያኮረፈችው፣ ሁሉም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ይዞባቸዋል። በሬዬ ሄደ አልኩ በልቤ። መርፌውን ሰደድኩ። አንደኛው ወዲያው ተበጠሰ፣ ሁለተኛው ግን ተጠመዘዘና አስቸገረኝ። ነቅዬ እፍ አልኩበት፣ መልሼ ገጠምኩት።

«እንኩ። አሁን መስተዋት ብቻ ነው። እንደ ቤትዎ መስኮት ይዩበት።»

አየት አደረጉኝ። ተመልሰው ተጋደሙና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አትናቴዎስ ሄደና ወደ ገደሉ እንዳይንሸራተቱ የቀሚሳቸውን ጫፍ በሁለት እጁ ጨብጦ ተንበረከከ።

ቅዳሴው ወጣ። በባዶ ዓይን የሚታየኝ ቢጫ ነጠብጣብ ብቻ ነው፣ አንዱ ካንዱ ተከታትሎ ከመቅደሱ ወደ ማዕድ ቤቱ የሚሄድ። እትዬ አይተነፍሱም። መነጽሩ በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እንደገና ወደ ግራ ይመለሳል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያነጣጥር ሳይ ኖሬ፣ እንደዚያ አድርጎ ያየ ሰው አላጋጠመኝም። ፍርሃት ፍርሃት አለኝ፣ የደስ ደስ ያለው ፍርሃት።

ጉሙ ደረሰና መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ ክዳኑን ዋጠው። እትዬ መነጽሩን ዝቅ አደረጉት።

«አገኙት?» አልኩ።

«ምኑን አገኘዋለሁ!» አሉ። «ሁሉም ተከናንበዋል፣ ሁሉም አጎንብሰው ነው የሚሄዱ፣ ሁሉም ጢማም። የትኛው የእኔ እንደሆነ በምን ልለየው?»

በሬውም መነጽሩም በከንቱ ሄደ ብዬ ልማረር አፌን ሳሞጠሙጥ ፊታቸውን አየሁ። እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ።

«አንድ የሚያነክስ የለ፣ ደመላሽ። አንድ ተደግፎ የሚሄድ የለ። ሽማግሌው መቋሚያቸው ቢወድቅ አንዱ ዘሎ አነሳላቸው፣ ጉልበቱ እንዴት ያለ ነው! ሁሉንም አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ደህና ናቸው። ሁሉም ደህና ከሆኑ የእኔም ደህና ነዋ!»

ይህን ብለው፣ ተደግፈው የመጡት ሴትዮ ማንንም ሳይደገፉ ብድግ አሉና ወደ ጉሙ ዞረው እልልታቸውን አቀለጡት።