የሸውራራው አውቶቡስ

"እባካችሁ፣ አንድ ሰው በአንድ ወንበር" አለች ታውሳንጋ፣ በአውቶቡሱ መተላለፊያ መሐል ቆማ። "ጭን ላይ መቀመጥ የለም። የማስታወቂያው ቀረጻ ካለቀ በኋላ እንደፈለጋችሁ።"

ተሳፋሪዎቹ እሺ አሉ። እሺ ማለት ለእኛ ደሴት ሰው ምን ይከብደዋል። እያንዳንዱ በተመደበለት የእንጨት ወንበር ላይ ፎቶ እንደሚነሣ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ የታደለውን የብርቱካን ለስላሳ ደረቱ ላይ ያዘና ፈገግ አለ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ከሾፌሩ ጀርባ ተንበርክኮ መቅረጽ ጀመረ። ሾፌሩ ታቪታም መሪውን አዙሮ ከአፒያ ከተማ ገበያ ቀስ ብሎ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ባሕሩ ረግቷል። ታቪታ ዘፈኑን እንኳ ዝቅ አድርጎታል፤ እንዲህ ሲያደርግ ደግሞ ማንም አይቶት አያውቅም።

ነገሩ የተበላሸው ከገበያው ብዙም ሳይርቁ ነው። እማማ ፉዋቲኖ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን አወዛወዙ፣ ታቪታም አቆመላቸው። ማስታወቂያ የሚቀረጽበት ቢሆንም አውቶቡስ አውቶቡስ ነው፣ አሮጊት ጥሎ አያልፍም። እማማ ፉዋቲኖ ጎደሬ የሞላ ቅርጫታቸውን አቅፈው፣ ዓይናቸው ስለደከመ ደረጃውን በእግራቸው እየዳሰሱ ወጡ። ባዶ ወንበር የለም። ብረቱን ይዘው ቆሙ።

እንግዲህ አስቡት፤ አሮጊት ቆመው ጎረምሳ ተቀምጦ። ከፊት የነበረው ትከሻ ሰፊ የራግቢ ተጫዋች መቁነጥነጥ ጀመረ። ታውሳንጋን አየ፣ እማማ ፉዋቲኖን አየ፣ ጠርሙሱን አየ። መጨረሻ ላይ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸውና ወደ ኋላ ሄዶ ጓደኛው ጭን ላይ ዘፍ አለ። ጓደኛው ክብደቱን ለማመቻቸት ወደ መስኮቱ ሲጠጋ፣ መስኮቱ ጋ የነበረችው ልጅ ተነሥታ አክስቷ ጭን ላይ ተቀመጠች። አክስትየዋ ደግሞ እግሯን ስትሰበስብ ሌላው ቦታ ተገኘልኝ ብሎ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የአውቶቡሱ ግማሽ በሌላው ግማሽ ጭን ላይ ነበር። የእማማ ፉዋቲኖ ቅርጫት ከእጅ ወደ እጅ አልፎ የኋላው ወንበር ደርሷል። ከመካከላቸው አንዱ ለስላሳውን ከፍቶ እየጠጣ ነው።

"አቁሙልኝ" አለች ታውሳንጋ።

ሰዎቹ ይቅርታ ጠይቀው ወደየወንበራቸው ተመለሱ። ከዚያ ነፍሰ ጡር ገባች፣ እንደገና ተበላሸ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ገቡ፣ ይባስ ብሎ ካሜራ የያዘው ሰውዬ ራሱ ካሜራውን አስቀምጦ ሊያስቀምጣቸው ተነሣ። ታውሳንጋ ለትንሽ ደቂቃ ብቻ እንዲታገሷት ለመነቻቸው።

"ልጄ፣ መታገሡስ አያቅተንም" አሉ አንዲት ሴትዮ ከወደ ኋላ። "እግራችን ነው ሳያማክረን የሚነሣው።"

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ታውሳንጋ ግን አልሳቀችም። አደራ እንዳትፈርዱባት፤ ይህ ለብቻዋ የተሰጣት የመጀመሪያ ማስታወቂያ ነው። የታቪታ የእህቱ ልጅ ናት፣ ያን ሁሉ አውቶቡስ ትታ የአጎቷን የመረጠችውም እንዲጠቀም ብላ ነው። ኩባንያው ቀረጻውን ከወደደው የታቪታን አውቶቡስ ዙሪያውን በብርቱካን ቀለም ያለብሰዋል፣ በምላሹም ለሁሉም እግሮቹ አዳዲስ ጎማ ይገዛለታል። የታቪታ ጎማዎች ደግሞ እንደ አሮጌ ሳሙና አልቀው ልሙጥ ሆነዋል። የመንገድ ምርመራውም ቀርቧል። ታቪታ ዛሬ የመጨረሻው ፌርማታ ሲደርሱ እሺ ወይም እምቢ ብሎ ቃሉን ሊሰጣት ተስማምተዋል።

ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ "አጎቴ፣ እርስዎ ይንገሯቸው" አለችው። "ሰው በሰው ላይ ተቀምጦ ከታየ አይቀበሉኝም። ድህነት ይመስላል ብለዋል።"

ታቪታ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። "ማን ነው ያለው?"

"ማስታወቂያውን የሚያጸድቁት ሰዎች።"

"ጭን ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ?"

"አይመስለኝም።"

"እንግዲያው አይፈረድባቸውም" አለና መንገዱን ማየት ቀጠለ።

እሱን ያሳሰበው ወንበሩ አልነበረም፣ የአውቶቡሱ ጎን ነው። በሁለቱም ጎን ወንድሙ ኢዮሴፎ የሣለው ጀግና አለ፤ ከባሕር ወጥቶ ክፉዎችን የሚቀጣ፣ ሰማያዊ ልብስ የለበሰ የፊልም ጀግና። ያኔ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በዚያ ፊልም አብዶ ነበር። ኢዮሴፎም የቪዲዮ ካሴቱን ሽፋን ይዞ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ሣለው። ጡንቻው ያምራል፣ ማዕበሉ ያምራል፤ ዓይኖቹ ግን አንዱ ወደ ባሕር አንዱ ወደ ተራራ ሆኑበት። በሌላው ጎን ሊያርመው ሞከረ፣ እዚያ ደግሞ ባሰ። ፊልሙን ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ከአፒያ እስከ ደቡቡ ባሕር ዳር ግን ሰው ሁሉ "ሸውራራው መጣ" ብሎ ነው ዕቃውን የሚያነሣው።

አንድ ጊዜ የሆነ ቱሪስት ያን ሥዕል ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፣ ዓለም ሁሉ ሳቀበት። ታቪታ ተናድዶ ነበር። ኢዮሴፎ ግን የሳቁበትን ሁሉ ለቀናት ቁጭ ብሎ እያነበበ ደስታው ወሰን አጣ። "ብራዚል ድረስ አይተውኛል እኮ" ይል ነበር፤ "አንዷ ባሏን እንደሚመስል ጽፋለች።" ኢዮሴፎ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የቀረችው የሰማያዊ ቀለም ቆርቆሮ ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ከብሩሹ ጋር፣ እስካሁን አለች።

ታቪታ ስልክን አይጠላም። እርግጥ ድሮ ተሳፋሪው አብሮ ይዘፍን ነበር፣ ዛሬ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ያያል። ነገር ግን በመስታወቱ ሲያያቸው፣ ጭን ላይ የተቀመጠውና ጭኑን የሰጠው አንድ ስልክ ነው የሚያዩት፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው በጣቱ ይገፋል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ አንገቱን አስግጎ "መልሰው፣ መልሰው፣ አላየሁትም" ይላል። የሚስቁትም እኩል ነው። ይህን ማንም ማስታወቂያ አያደርገውም እያለ ያስባል፤ ምን ይሸጥበታል?

ሚስቱ ሎሴ ግን ትናንት ማታ ቁርጡን ነግራዋለች፦ ሥዕል አውቶቡስ አያስኬድም፣ ጎማ ነው። እውነቷን ነው። እሱም ለዚያ ነው እሺ ለማለት ልቡን አዘጋጅቶ የመጣው።

እማማ ፉዋቲኖ ከፊተኛው ወንበር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወሬ የጀመሩት በዚህ መሐል ነው። ባለፈው ቅዳሜ የደረሰባቸውን ነው የሚያወሩት። ኩባንያው ዘንድሮ ብርቱካን ያለበሳቸው ሁለት አውቶቡሶች አሉ፣ አንዱ ወደ እሳቸው መንደር፣ ሌላው ወደ ደሴቱ ወዲያኛው ጫፍ ይሄዳል። እማማ ፉዋቲኖ ፊደል አይታያቸውም፣ ቀለም ግን ይታያቸዋል። ብርቱካኑን አዩና ገቡ። ወንበር ተለቀቀላቸው፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ሲነቁ አገሩ አገራቸው አልነበረም።

"ማን ቤት አደሩ?" አለ የራግቢ ተጫዋቹ።

"ምን አውቃለሁ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ዓሣ አበሉኝ፣ ምንጣፍ አነጠፉልኝ። እሑድ አውቶቡስ ስለሌለ ቤተ ክርስቲያናቸውም ሄድኩ። ዝማሬያቸው ግን ከእኛ አይደርስም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማማ ፉዋቲኖም ሳቁ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የልጅ ልጆቻቸው ሲፈልጓቸው አድረው፣ የባሕሩን ዳር በባትሪ ሲዞሩ እንደነበር የሰሙት ሰኞ ነው።

"እኔም ከዚያ ወዲህ ማልኩ" አሉ። "ሸውራራው ካልመጣ አልሳፈርም። የእሱን ሰማያዊ ከሩቅም አልስተው።"

ታቪታ ባለፈው ቅዳሜ በቦታቸው ሲያጣቸው፣ ዛሬ ቀርተዋል ብሎ ማለፉ ትዝ አለው። ታውሳንጋ ወሬውን ሰምታ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲመታ ተንገዳግዳ ብረቱን ጨበጠች። ጠዋት ከገበያው ጀምሮ እንደቆመች ነበር።

"ይህቺ ልጅ ለምን ትቆማለች?" አሉ እማማ ፉዋቲኖ፣ ጭናቸውን መታ መታ እያደረጉ። "ነይ፣ አጥንት ብቻ ነሽ፣ አትከብጂኝም።"

"ግድ የለም እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"ቁጭ ብለሽ ሥሪ።"

ተሳፋሪው ሁሉ እያያት ነው። ታውሳንጋ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ክብደቷን በእግሯ ላይ እንደያዘች፣ ጭናቸው ላይ ተቀመጠች። እማማ ፉዋቲኖ ወገቧን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቧት። ትከሻዋ ሲወርድ ታቪታ በመስታወቱ አየ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ይቅረጽ አይቅረጽ በዓይኑ ጠየቃት።

"ቅረጸው" አለች። "አይወስዱት ይሆናል። እኔ እወስደዋለሁ።"

ታቪታ ዘፈኑን ወደ ወትሮው ከፍታ መለሰው። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አውቶቡሱ እንደ ሌላው ቅዳሜ ሁሉ ሆኖ ሄደ፤ ጎደሬና ኮኮናት በመተላለፊያው እየተንከባለለ፣ ሰው በሰው ላይ ሆኖ እየዘፈነ።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ወርዶ ሲያልቅ ታውሳንጋ ከአጎቷ ጋር በአውቶቡሱ ጥላ ሥር ቆመች። ጀግናው ከላያቸው በአንድ ዓይኑ ወደ ባሕር፣ በአንዱ ወደ ተራራ እያየ ነው።

"እንግዲህ አጎቴ፣ ምን ልበላቸው?"

"ኋላውን ይውሰዱት። መስታወቱን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ ከላይ እስከ ታች ብርቱካን ያድርጉት። ጎኖቹ ግን እንዳሉ ይቆያሉ።"

"ለኋላው ብቻ ከሆነ የኋላ ጎማዎችን ነው የሚሰጡት። ያውም ለምኜ።"

"ለምኚልኝ።"

"የፊቶቹስ?"

"የፊቶቹን እኔ አውቃለሁ" አለ፣ ባያውቅም። "አንቺስ? ይቆጡሻል?"

ታውሳንጋ ስልኳ ላይ ያለውን ቅጂ እያየች ነበር፤ ራሷን በእማማ ፉዋቲኖ ጭን ላይ፣ አፏን ከፍታ ስትስቅ። "ይቆጡኝ" አለች። "መጀመሪያ ግን ለእናቴ ልላክላት።"

ከሰዓት በኋላ ታቪታ አውቶቡሱን በደጁ አቁሞ አጠበው። ከወንበሩ ሥር ቆርቆሮዋን አወጣ፣ ክዳኗን በቢላዋ ፈልቅቆ ቀለሙን በእንጨት አማሰለ። ከላይ ቆዳ ይዟል፣ ከሥር ግን ደህና ነው። ሎሴ እሱ የሰጣትን ዝርዝር ሁሉ ሰምታ ወጣች፤ የኋላ ጎማዎች ይመጣሉ፣ ለፊቶቹ የሰርግና የስፖርት ቡድን ጉዞ ይይዛል፣ እስከዚያ ቀስ ብሎ ይነዳል። ተቆጥታለች፤ ቢሆንም መሰላሉን ያዘችለት።

የነጣውን ማዕበል ቀባ፣ የተላጠውን ክንድ ቀባ። ፊቱ ላይ ሲደርስ ዓይኖቹ ሊጠፉ ምንም እንዳልቀራቸው አየ። ከመሰላሉ ሥር ያስቀመጣትን ትንሿን የጥቁር ቀለም ቆርቆሮ ጠየቃት፣ አቀበለችው።

"በል እንግዲህ፣ እዚያው ላይ ሆነህ ዓይኑን አስተካክለው" አለች ሎሴ። "ሰውዬው ይህን ያህል ዘመን ተሳቀበት።"

ታቪታ ብሩሹን ነክሮ ቆየ። ቀላል ነበር፣ አንድ ጣት ያህል ወደ መሐል ማምጣት ብቻ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን የደበዘዘ ነጥብ ፈለገ። አገኘውና በዚያው በቦታው ላይ፣ ወደ ተራራው በኩል፣ ብሩሹን አሳረፈ።