የማይጾም ሎሚ

በ1989 ነው። ካርቱም ሪያድ ሠፈር የምሠራበት ቤት እመቤት ሐጃ ሉጥፊያ በስልክ የለቅሶ ድንኳን ሲያዙ ሰማሁና የያዝኩት ጭልፋ እጄ ላይ ቀረ። የሞተ ሰው የለማ!

ልጃቸው ተውፊቅ ወደ ደቡቡ ጦርነት ከተወሰደ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ወሬው ጠፍቷል። ከእሱ የቀረላቸው ግቢው ውስጥ የተከለው ሎሚ ነው። ካርቱም ብርዱ ለስሙ ስለሆነ ሎሚን ወደ አበባ የሚገፋው ጥማት ነው። በየዓመቱ ውሃ ይከለከላል፣ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ባንዴ ሲጠጣ በአበባ ይሸፈናል። የሀገሩ ሰዎች ይህን «ይጾማል» ይላሉ። ዘንድሮ ሐጃ ለእኔ ለወጥ ሠሪያቸው ብቻ በሹክሹክታ ነገሩኝ፦ ካበበ ልጄ አለ፣ ካላበበ የለም። ሞኝነት ነው ልል ነበር፤ ግን ለእናት ምን ይባላል?

የሎሚው ጾም ተፈታ፣ ውሃ ጠጣ። የጎረቤቱ ሁሉ ሲያብብ የእኛው ቅጠል ብቻ አወጣ። ድንኳኑ ለተውፊቅ ነው ማለት ነው።

የድንኳኑንና የሎሚውን ነገር ለኒዕማ አጫወትኳት። በቅርቡ ከወሎ የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ መዲና፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ለሶላት ስታጠብ ውዱእ የማደርገው ሎሚው ሥር ነበር፣ በየሶላቱ። ደርቆ ሳየው አንጀቴን በላኝ። ጾመኛ እንኳ ጀምበር ጠልቃ መግሪብ ሲል ያፈጥራል፣ ይሄ ግን ማታም አይጠጣ።»

ብትናገር ትባረራለች፤ ዝም ብትል ምናልባት በሕይወት ላለ ልጅ ሊለቀስ ነው። ሳልመክራት ሳሎን ገብታ ለሐጃ ተናገረች።

ሐጃ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ይመቷታል ብዬ መሀል ልገባ ስል እጇን ይዘው ሳሙት።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ በየሶላቱ?»

«ወላሂ፣ አምስቱንም።»

ስልኩን አንስተው ድንኳኑን ሰረዙ። ይኼኔ ነው እኔ የባሰ የደነገጥኩት። ሎሚው ውሃ መጠጣቱን እንጂ ስለ ተውፊቅ ምንም አልነገረንም፤ እሳቸውም ይህን እንደሚያውቁ ከዓይናቸው አየሁ። ለከርሞ አስጹመው እንደገና ይጠይቁታል ብዬ ነበር።

«ከእንግዲህ ይህ ዛፍ አይጾምም፤ እኔም ስለ ልጄ አልጠይቀውም» አሏት ለኒዕማ። «ውዱእሽን ሁልጊዜ እዚያው አድርጊ።»