አራተኛው አባት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፍራሽ ሰፊውን የወጋው የልጁ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ ባለፈው የወላጆች ስብሰባ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከፊት ወንበር የተቀመጡት እናቶች እየሰሙ። «ልጄን ‹ራት ትበያለሽ?› ስላት ‹ምርጫዎቹን ንገረኝ› ትለኛለች፤ ኧረ ፈተናው በዛ!» ብሎ ፍራሽ ሰፊው ቢያመለክት፣ ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ጭድህን ጠቅጥቅ፤ ጭንቅላት መጠቅጠቁን ለእኛ ተወው» አለው። እናቶቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ፍራሽ በሰፋ ቁጥር መርፌው የሚሰካው ጨርቁ ላይ ሳይሆን ርዕሰ መምህሩ ላይ ነበር።

ዛሬ ግን ቂሙን ዋጥ አድርጎ መጣ። እናቱ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ከሰዓት በኋላ ኦፕራሲዮን ትገባለች። «የልጅ ልጄን ሳላይ ቢላ አይነካኝም» ብላ ሐኪሞቹን አስጨንቃለች።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ጸጥ ብሏል። የሙዚቃ ክፍሉ የመለማመጃ ፈተና ክፍል ሆኗል። ኳስ ሜዳው ላይ ዴስክ ተደርድሮ ልጆቹ አቀርቅረው ክብ ያጠቁራሉ፤ በረኛ ይቆምበት በነበረው ቦታ ፈታኝ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ልጄን ለዛሬ ብቻ ይፍቀዱልኝ» አለ ፍራሽ ሰፊው ቢሮ ገብቶ። የእናቱንም ነገር አስረዳ።

«አባቷ መሆንህን በምን አውቃለሁ?»

«ይኸው መታወቂያዬ።»

«መታወቂያ ምን ያደርጋል? እዚህ ቤት ያልተፈተነ ነገር አይታመንም።»

ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ተጣራ። ሥራ ፈቶ የከረመው የስፖርት መምህር፣ ግምጃ ቤት ጠባቂውና የበሩ ዘበኛ እየሮጡ መጡ። ግድግዳውን ተደግፈው እንዲሰለፉ ተደረገና ደረታቸው ላይ በጠመኔ ተጻፈባቸው፤ ስፖርቱ «ሀ»፣ ግምጃ ቤቱ «ለ»፣ ዘበኛው «ሐ»። ፍራሽ ሰፊው መጨረሻ ላይ «መ» ሆኖ ቆመ።

ልጅቷ ጣቶቿ በእርሳስ ጠቁረው ገባች።

«ጥያቄ» አለ ርዕሰ መምህሩ ድምፁን ጠርጎ። «ከሚከተሉት ውስጥ አባትሽ የትኛው ነው?»

ልጅቷ አባቷን አይታ ፈገግ አለች። ከዚያ ጣሪያውን አየት አድርጋ፣ ከንፈሯን አነቃነቀችና፣

«ሐ» አለች።

«እኔ?» ዘበኛው ደነገጠ። «የኔ እናት፣ እኔ እኮ ሚስት እንኳ የለኝም!»

«ልጄ! እኔ ነኝ እኮ!» አለ ፍራሽ ሰፊው።

«አውቃለሁ አባዬ። ግን የጠዋቱ ፈተና መጨረሻ ላይ ‹መ› ተደጋግሟል። እንደገና ‹መ› አይመጣም፤ መምህራችን ነግረውናል።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ለምን እዚያ ጋ ቆምክ?»

«ጎበዝ! ስልቱን ይዛለች!» ርዕሰ መምህሩ አጨበጨበ። ወደ ዘበኛው ዞሮም፣ «በል፣ ልጅህን ውሰድ» አለው።

«በሩንስ ማን ይጠብቃል ጌታዬ?»

«አባት ነህ! ትንሽ ኃላፊነት ይሰማህ!»

ዘበኛው እያጉረመረመ የልጅቷን እጅ ይዞ ወጣ። ፍራሽ ሰፊውም ተከተላቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ዘበኛው ግራ ቀኝ ገላመጠና ልጅቷን ወደ አባቷ ገፋ አደረጋት።

«እንካ ወንድሜ፣ እናትህን እግዜር ይማርልህ። ነገ ግን በጠዋት አምጣልኝ፤ ምንም ቢሆን አባቷ ነኝ፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«አንተ ሰውዬ!» ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ ይጮኻል። «የሰው ልጅ ይዘህ ወዴት ነው? ወድቀሃል እኮ! ቅሬታ ካለህ ድጋሚ ፈተና አለልህ!»

ፍራሽ ሰፊው ቆም አለ። ሥራው ላይ ሆኖ ሲስለው የከረመ መልስ ነበረው፤ እስከ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ልጅቷ እጁን ሳብ አደረገችው።

«አባዬ፣ አያቴ ትጠብቀናለች።»

ለርዕሰ መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ተሻገረ።